በወይዘሮ ሳህሊቱ ፍሪጅ ውስጥ

ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጉሙ ከጭሮ ተራራ ወርዶ የአሰበ ተፈሪን አስፋልት ሸፍኖት ነበር።

ልብስ ሰፊው ሙሜ ጉም ይወዳል። በጉም ውስጥ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ማንም ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሙሜ በረንዳው ላይ ካለው የስፌት መኪናው ተነሥቶ፣ ግራና ቀኙን አይቶ፣ ወደ ወይዘሮ ሳህሊቱ ቡና ቤት የጓሮ በር ባመራ ቁጥር የሰፈሩ ሰው እሱ መሆኑን ያውቅ ነበር። የሚያስታውቀው መልኩ አልነበረም። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ተጠንቅቆ የሚራመድ ሌላ ሰው በከተማው አልነበረም።

ሳህሊቱ የጓሮውን በር ገርበብ አድርጋ ትጠብቀዋለች። ከሆስፒታሉ ሌላ፣ መብራት መጣ ሄደ ሳይል የሚያቀዘቅዝ፣ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ያላት እሷ ናት። በላይኛው መደርደሪያ፣ ከቢራው ጠርሙሶች ኋላ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ብልቃጥ አለ። የሙሜ ኢንሱሊን ነው። ሙሜ መጋዘኑ ውስጥ ባዶ የቢራ ሣጥን ላይ ይቀመጣል፤ ሳህሊቱ የቀቀለችለትን የመስተዋት ስሪንጅ ተቀብሎ ጭኑን ይወጋል፤ ከዚያም የሰጠችውን ዳቦ በችኮላ ይበላል። መርፌውን ያስተማረችው ሲስተር ዓለምሸት፣ ከተወጋ በኋላ ሳይበላ እንዳይቆይ አጥብቃ ነግራዋለች፤ ሰውነቱ ድንገት ቢዝል የሚመጠው ከረሜላም ከኪሱ እንዳይለይ አዝዛዋለች። ስኳር የተከለከለ ሰው ስኳር ተሸክሞ መዞር ያለበት ለምን እንደ ሆነ ለሙሜ መጀመሪያ አልገባውም ነበር። አሁንም የገባው በከፊል ነው።

እናም ሙሜ ከቡና ቤቱ ጓሮ የሚወጣው አፉን እየጠረገ፣ ከረሜላ በኪሱ ይዞ ነው። ከተማው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገውም። አፉን የሚጠርገው ስለ ጠጣ ነው፤ ከረሜላው ሽታውን ለመደበቅ ነው። ማታ የሚጠጣ ሰው ለጨዋታ ይጠጣል፣ በጠዋት የሚጠጣ ግን ሥራዬ ብሎ ይዞታል ተባለ። ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ወዲያ፣ አብረውት ጫት የሚቅሙ ወዳጆቹም የራሳቸውን ጨመሩ። ሙሜ በርጫ መቀመጥ ከተወ ሰንብቷል። የተወው፣ ማንኪያ ቢተክሉበት የሚቆም እስኪመስል ስኳር የሚጨመርበትን ሻይ እምቢ የሚልበት ምክንያት ስላለቀበት ነው፤ መጀመሪያ ጥርሴን አለ፣ ቀጥሎ ጨጓራዬን አለ፣ ከዚያ በኋላ የሚታመም የሰውነት ክፍል አጣ። ወዳጆቹ ግን ቅጠሉን በጠርሙስ ለወጠው አሉ።

ሙሜ ሁሉንም ይሰማል፤ አያስተባብልም። ለማስተባበል እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ እውነቱ ደግሞ ከሐሜቱ የከፋ ሆኖ ይታየዋል። ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ይባላል። አብዮቱ ሀብታሞቹን ካስወገደ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድ ልብስ ሰፊ በዚህ ጊዜ በእነሱ በሽታ መያዙ ቢታወቅ፣ ሰፊው ሕዝብ በራሽን ሲያድር አንተ ምን ስትበላ ነበር የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የልጁ የረዲያ ጉዳይ ነው። ረዲያ ለሂርናው ጫት ነጋዴ ለሐጂ በክሪ ልጅ ታጭታለች፤ ኒካሁ ረመዳን ሳይገባ እንዲታሰር ቀን ተቆርጧል። ሐጂ በክሪ ለልጃቸው ሚስት ሲመርጡ፣ ስለ ልጅቷ ውበት ከመጠየቃቸው በፊት በአያት በቅድመ አያቷ ዘንድ የነበረውን በሽታ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ይህን ጋብቻ ለማጣት አንዲት ቃል ትበቃለች፤ ሙሜም ያቺን ቃል አፍኖ ይዟታል።

በቤት ውስጥ የነገራት ለሚስቱ ለኩብራ ብቻ ነው። ኩብራ ሐኪም አላማከረችም፤ ጣፋጭ ያመጣውን መራራ ይመልሰዋል ስትል በራሷ ደርሳበታለች። ስለዚህ ጠዋት አብሽ፣ ማታ ሬት ታጠጣዋለች። ከሬቱ ይልቅ የሚከብደው ግን ዓይኗ ነው። የሚቆርሰውን እንጀራ፣ የሚዘግነውን ኦቾሎኒ፣ በሰው ቤት ሐልዋ ላይ የሚያርፈውን እይታውን ሳይቀር ትከታተላለች።

«አባ ረዲያ፣ ይበቃሃል» ትለዋለች፣ እጁ ከሣህኑ ሳይደርስ።

ከፍቅር እንደሆነ ያውቃል። ያም ሆኖ አንዳንድ ቀን ወደ ምግብ እጁን ሲዘረጋ የሌላ ሰው ዕቃ የሚያነሣ ይመስለዋል። በሽታው ከያዘው ወዲህ ረሀቡ እንኳ የግሉ አይደለም።

ነገሩ የፈነዳው በሜይ ዴይ፣ በሠራተኞች ቀን፣ ዋዜማ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በለጠ ለሰልፉ የሚለብሰውን ካኪ ለማሰፋት መጥቶ፣ እስኪያልቅ እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። ሊቀመንበር እያስጠበቁ ምሳ መብላት አይቻልም። የምሳ ሰዓት አለፈ። የሙሜ ግንባር በላብ ራሰ፤ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ አንዱ ክር ሁለት ሆኖ ታየው። ከረሜላውን ሊያወጣ አሰበ፤ በሊቀመንበር ፊት ከረሜላ መምጠጥ ምን ያስመስላል እያለ ሲያመነታ፣ የሚያስብበት ኃይል ራሱ ከዳው። ከዚያ በኋላ የሠራውን አያስታውስም። ልብሱን እየተንተባተበ አስረከበ፤ ሊነሣም ሲል ተንገዳግዶ መኪናው ላይ ተደፋ። ጓድ በለጠ አይቶ ፊቱን አጨማደደ፤ ካኪውን ታቅፎ ሄደ። ረዲያ ከውስጥ ሮጣ ወጥታ፣ ከአባቷ ኪስ ከረሜላውን አውጥታ አፉ ውስጥ ጨመረችለት። ነፍሱ ስትመለስ ማን እንደ ነገራት አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም።

በማግሥቱ ጓድ በለጠ በሰልፈኛው ፊት ንግግሩን አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ ደረት ኪሱ ሊከት ሞከረ። አልገባም። የግራውን ሞከረ፤ የጎኖቹንም ሞከረ። ሙሜ አራቱንም ኪሶች ዙሪያቸውን አጥብቆ ሰፍቶ ዘግቷቸው ነበር። ወረቀቱን ይዞ የት እንደሚያደርገው የጠፋውን ሊቀመንበር ሕዝቡ በጸጥታ ተመለከተው። ማታ በየቤቱ፣ የሊቀመንበሩ ኪስ መዘጋት የሚችል መሆኑን ዛሬ አየን ተባለ።

ይህ ቀልድ ለጓድ በለጠ ደረሰው። በሚቀጥለው እሑድ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ፤ ሙሜ ከፊት እንዲቆም ተደረገ። ጓድ በለጠ እንደ ልማዱ ጆግ ሙሉ ውሃ አስቀርቦ፣ ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር ሲናገር ጨረሰው፤ በመካከሉም ደጋግሞ ወደ ጓሮ ወጥቶ ተመለሰ። ሕዝቡ ይህን ለምዶታል። የሊቀመንበሩን ጉሮሮ የሚያደርቀው አብዮታዊ ወኔ ነው ይባል ነበር።

ጥያቄው አጭር ነበር፤ ኪሶቹን እንዲዘጋ ያዘዘው የትኛው ድርጅት ነው? በዚያ ዓመት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ አልነበረም። ያዳነው ከኋላ ወንበር የመጣ የሐሜተኛ ድምፅ ነው፤ ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰክሮ ነው፣ በየጠዋቱ ሳህሊቱ ጋ አይደለም እንዴ የሚያነጋው፣ የሚል። አዳራሹ አጉረመረመ፤ ብዙዎች አይተናል አሉ። የጓድ በለጠም ፊት ፈካ። ሰካራም ድርጅት የለውም። ስካር ያለፈው ሥርዓት ርዝራዥ ነው፤ ርዝራዥ ደግሞ በሂስ ይለቃል።

«ጠጥተሃል ወይስ አልጠጣህም?» አለው።

ሙሜ እስር ቤቱን አሰበ፤ ሂርናን አሰበ።

«ጠጥቻለሁ» አለ።

ተጨበጨበለት።

ቀጥሎ የሆነውን አልጠበቀም ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከተማው በፍቅር ያዘው። ሰላም ብሎት የማያውቅ ሰው ሰላም አለው። የበርጫ ወዳጆቹ ተሰብስበው መጥተው አይዞህ፣ ያልፋል፣ ስንቱ ትቶታል አሉት፤ አንዱ አጎቱ እንዴት እንደ ተወ ተረከለት፤ ሌላው ቢያንስ ከሰው መካከል አትራቅ ብሎ እጁን ጨበጠው። አንዲት አሮጊት ዱዓ አደረገችለት። ሙሜ ለሌለበት በሽታ፣ ላለበት በሽታ ሲመኘው የኖረውን ማጽናኛ ሁሉ አገኘ። አንድ ምሽት ከእነሱ ጋር ተቀምጦ እንባው መጣ፤ እነሱም መጠጡ ሲወጣ እንደዚህ ያደርጋል ተባባሉ።

ወሬው በጫት መኪና ተጭኖ ሂርና ለመድረስ አልዘገየም። ሐጂ በክሪ ራሳቸው መጡ። አንድ እስር ጫት ለአማቻቸው ይዘው፣ ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጫት ዋጋ ተጫወቱ። ኩብራ ለእንግዳው ክብር ሻዩን አጣፍጣ አፈላች፤ ከአንዱ ማንቆርቆሪያ ለሁለቱም ቀዳች። ለባሏ ለይታ ብትቀዳ ለምን የሚል ይመጣል።

«ስማ ሙሜ» አሉ ሐጂ በክሪ። «ሰምቻለሁ፤ አልተቆጣሁም። የራሴ ወንድም ይጠጣ ነበር፤ ዛሬ አዛን የሚለው እሱ ነው። መጠጥ ከውጭ የገባ ነገር ነው፤ ይወጣል። በጁምዓ ተውበት አድርግ፣ ተጸጽተህ ተመለስ፤ ከዚያች ሴትዮ ደጅ ዳግመኛ አትርገጥ፤ በእኔ በኩል ነገሩ ያልቃል። እኔ የምፈራው በደም ያለውን ነው። እንደዚያ ያለ ነገር በቤትህ አለ ወይ?»

ሙሜ ፊቱ የተቀመጠውን ሻይ ተመለከተ። ረዲያ ከመጋረጃው ኋላ መሆኗን ያውቃል።

«የለም» አለ፤ ሻዩንም አንሥቶ እስከ አተላው ጠጣው።

ኩብራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሕይወቷ ይበቃሃል ማለት ያቃታት ያን ቀን ብቻ ነው።

በጁምዓ ሙሜ በጀማዓው ፊት ተውበት አደረገ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሰሙ ሁሉ ቅንነቱን መሰከሩለት። ቅን ነበር፤ በልቡ ተውበት ያደረገው ለውሸቱ ነው። ከመስጊዱ ሲወጣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። መድኃኒቱ ያለው ዳግመኛ ላይረግጠው በማለበት ደጅ ውስጥ ነው።

መላውን ያመጣችው ሳህሊቱ ናት። ቡና ቤቱ ውስጥ ሻይ የምትይዝበት ትልቅ ቴርሞስ አላት። በየጠዋቱ ብልቃጡን በበረዶ ከብባ፣ ቴርሞሱ ውስጥ ከታ፣ በነጠላዋ ሸፍና መንገዱን ታቋርጥና በረንዳው ላይ ታስቀምጥለታለች። ሙሜ ከመጋረጃው ኋላ ተወግቶ ይመልስላታል። የጓሮ በር የለም፤ መደበቅ የለም፤ ተውበቱም አልፈረሰም። ሳህሊቱ በዚህ ኮርታ ነበር።

ከተማው ግን ሌላ ነገር አየ። ሙሜ መጠጥ ቤት መሄድ ትቷል፤ አሁን መጠጥ ቤቱ ራሱ ወደ እሱ ይመጣል። እንዲያውም ባለቤቷ በእጇ ታቀርብለታለች።

ሐጂ በክሪ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ የያዙት ጫት አልነበረም፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ነበር። የደረሱት ሳህሊቱ ቴርሞሱን አስቀምጣ ዞር ባለችበት ሰዓት ነው። ጓድ በለጠም በዚያው በረንዳ ላይ፣ ካኪውን ለብሶ፣ ሙሜ ኪሶቹን አንድ በአንድ እስኪተረትርለት እጆቹን አንሥቶ ቆሟል። የገበያ ቀን ስለ ነበር መንገደኛው ቆም ቆም አለ።

ሐጂ በክሪ ሰላምታ ሳይሰጡ ቴርሞሱን አነሡ። ክዳኑን ፈተው አሸተቱ። ምንም ሽታ ስላላገኙ ተናደዱ፤ መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። በረዶው ተበተነ፤ ከበረዶው መካከል ትንሿ ብልቃጥ ወጥታ መዳፋቸው ላይ ቀረች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ሙሜ መቀሱን አስቀመጠ። የሚመልሰው መልስ በአፉ ውስጥ ለሁለት ዓመት የቆየ ስለ ነበር፣ ሲወጣ ቀላል መሆኑ ራሱን አስገረመው።

«መድኃኒት ነው። ስኳር አለብኝ። መጠጥ ቀምሼ አላውቅም።»

ከዚያ ጓድ በለጠ እጆቹን እንዳነሣ ሳቀ።

«አቦ ተወን። ስኳር የሀብታም በሽታ ነው። አንተ በየትኛው አቅምህ?»

መንገደኛውም ሳቀ። ሰካራም የማያመጣው ምክንያት የለም አለ አንዱ፤ ሌላው ደግሞ፣ እኛ በራሽን ያጣነውን ስኳር እሱ በደሙ አከማችቶ ነው እንዴ አለ። ሙሜ ዙሪያውን አየ። እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል ፈርቶ፣ የሚያምነው ያጣል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ሽርጡን እስከ ጭኑ ሰበሰበ። የመርፌው ነጥቦች ከጉልበቱ በላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ ልምድ ያለው እጅ የሰፋው ስፌት ይመስላሉ።

መጀመሪያ ሳቁን ያቆመው ጓድ በለጠ ነው። ጭኑን አየ፤ ብልቃጡን አየ፤ እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደ። ከዚያ በስብሰባ ተሰምቶ በማያውቅ ድምፅ ጠየቀ።

«ውሃ ያስጠማል?»

«ያስጠማል።»

«ሽንትስ… ቶሎ ቶሎ ይላል?»

«ይላል።»

ጓድ በለጠ ሁለት ኪሱ እንደ ተዘጋ ከበረንዳው ወርዶ ሄደ።

ሐጂ በክሪ ብልቃጧን እንደ ጨበጡ ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«አለ ወይ ስልህ የለም ብለኸኛል።»

«ዋሽቻለሁ ሐጂ።»

ሐጂ በክሪ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለሂርና ዘመዶቻቸው ሰካራምነቱን አስረድተው እንደ ጨረሱ፣ ተውበቱንም እንዳወሩ፣ ሰዉም ይቅር እንዳለ ነገሩት። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ይዘው ቢመለሱ የሚሰማቸው የለም። ስለዚህ እንደ ነበረው ቢሆን፣ እሱም የተመለሰ ሰካራም ሆኖ ቢቀር፣ ለሁሉም እንደሚቀል ተናገሩ።

ሙሜ ሽርጡን ወደ ታች ለቀቀ። በመጋረጃው በኩል የረዲያ እግር ይታየዋል።

«አልችልም» አለ። «ጠጣ በተባልኩ ጊዜ ከተማው ሁሉ አይዞህ አለኝ። ደስ ይል ነበር ሐጂ፤ አልዋሽም። ለታመምኩት ግን እስካሁን አንድ ሰው አይዞህ አላለኝም። በሌላ ሰው በሽታ መጽናናት ሰለቸኝ።»

ሐጂ በክሪ ብልቃጧን አገላበጧት።

«መርፌው ያማል?»

«መርፌውስ ምንም አይደል። ነገም ጠዋት መኖሩ ነው የሚያመው።»

ያን ጊዜ ረዲያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። በእንዲህ ያለ ንግግር መካከል የታጨች ልጅ ወደ አማቷ አትወጣም፤ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

«አባባ» አለቻቸው፣ «የአባቴን የስኳር ራሽን እስከ ዛሬ የምበላው እኔ ነኝ። ምንም አልሆንኩም። ልጅዎ ከፈራ ግን እሱም ይንገረኝ፤ እኔ የምፈራውን እነግረዋለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳያስበው ሳቀ። ሐጂ በክሪ አልሳቁም፤ ነገር ግን ተነሥተው በረንዳው ላይ የተበተነውን በረዶ አንድ በአንድ ለቅመው ቴርሞሱ ውስጥ መለሱ፤ ብልቃጧን በላዩ አኖሩ፤ ክዳኑን ገጠሙ። እያሰብኩበት እልክባችኋለሁ ብለው ሄዱ።

ረመዳን መልስ ሳይመጣ ገባ። ኩብራ በእነዚያ ሳምንታት ሬቱን ረሳች፤ ሙሜም አላስታወሳትም። በሽተኛ ከፆም ነፃ ነው፤ መሐላውም ለመጠጥ እንጂ ለመድኃኒት አልነበረም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ያቋርጣል፤ የሚገባው በፊት ለፊቱ በር ነው። ሰዎች ሲያዩት አንዳንዶቹ አሁንም ይጠቃቀሳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እግር ማቃጠል የበሽታው ምልክት እንደሆነና እንዳልሆነ ይጠይቁታል። ወደ ሲስተር ዓለምሸት ይልካቸዋል።

ከፆሙ በኋላ ከሂርና ሰው ተላከ። ኒካሁ ታሰረ። በድግሱ ላይ ሐጂ በክሪ ለሙሜ የሚቀርበውን ሻይ ራሳቸው ተቀብለው ቀመሱት፤ ስኳር እንደ ሌለበት አረጋግጠው ሰጡት። ከዚያም ለአጠገባቸው ሰው፣ ይህ አማቼ ድሮ ይጠጣ ነበር፣ አሁን ሻይ እንኳ በስኳር አይነካም ሲሉ ሙሜ ሰማቸው። ሻዩን ጠጣ። መራራ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ በወይዘሮ ሳህሊቱ ፍሪጅ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ሁለት ብልቃጥ ነበር፤ አንደኛው የጓድ በለጠ ነው።